የፖሊዮ መከላከያ በልጆች ደም ውስጥ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ እንዴት ይለካል?

የክትባት ሽፋን ሪፖርት የሚቆጥረው የተሰጠን ክትባት ነው። ልጁ ጠብታውን ቢተፋው፣ ተቅማጥ ይዞት ስለነበር ባይሠራለት፣ ወይም ጠብታው ሙቀት ላይ ውሎ ኃይሉን አጥቶ ቢሆን እንኳ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ምልክት ያው ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሽፋኑ የሚሰላበት የሕፃናት ብዛት ራሱ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ በየዓመቱ እየተባዛ የመጣ ግምት ነው። ያኔ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የቆሙበት የቆዬ ፈጬ መሬት እርሻ ነበር። አንድ ወረዳ ከ100 በመቶ በላይ ሽፋን ሲያስመዘግብ ከሚገኘው ሕፃን በላይ ተከትቧል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ማካፈያው ተሳስቷል ማለት ነው።

ስለዚህ አንዳንዴ ልጆቹን ራሳቸውን፣ በደማቸው በኩል መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራው የሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ዳሰሳ ይባላል። ከተመረጡ ልጆች ጥቂት ደም ተወስዶ የፖሊዮ ቫይረስን የሚያመክን አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) መኖር አለመኖሩ በላብራቶሪ ይታያል። ላብራቶሪው ከባድ ቢመስልም አብዛኛው ዳሰሳ የሚበላሸው እዚያ አይደለም፤ በር ላይ ነው። ክትባት ሰጪው ያለፈውን በር ደም የሚወስደው ቡድንም ያልፈዋል። ያኔ ውጤቱ የሚናገረው ቀድሞውንም ስለተከተቡት ልጆች ብቻ ይሆናል።

የልጅነት ልምሻን የሚያመጣው ቫይረስ ሦስት ዓይነት ስለሆነና አንዱን የሚያመክን አንቲቦዲ ለሌላው ስለማይበቃ ከእያንዳንዱ ልጅ ሦስት መልስ ይጠበቃል። የዱር፣ ማለትም በተፈጥሮ የሚዛመተው፣ ዓይነት 2 በ2015፣ ዓይነት 3 በ2019 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋታቸው ተረጋግጧል። አፍሪካም በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ከዱር ፖሊዮ ነፃ ተብላለች። ሆኖም ክትባት ባልዳረሰበት ሕዝብ መካከል ሲዘዋወር ቆይቶ የተለወጠ፣ ከጠብታው የመነጨ ዓይነት 2 ቫይረስ ዛሬም ልጅ ሽባ ያደርጋል። በሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓይነት 2 ከመደበኛው ጠብታ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ የዓይነት 2 መከላከያ የሚያገኘው ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ከጀመረችው የጭን መርፌ፣ በዘመቻ ከሚሰጥ የዓይነት 2 ጠብታ፣ አለዚያም ከራሱ ከቫይረሱ ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች ዓይናችሁን የምትተክሉት በዓይነት 2 ላይ ነው።

የየትኛው ዕድሜ ልጅ?

ከ6 እስከ 11 ወር ያሉትን ምረጡ። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ይገኛል። ያ አንቲቦዲ በ30 ቀን ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሲወለድ 1 ለ256 የነበረው (ሴረሙ 256 እጥፍ ቢቀጥንም ቫይረሱን ያመክናል ማለት ነው) በአምስት ወሩ 1 ለ8 ላይ ይደርሳል፤ መለያ መስመራችንም እሱ ነው። በአራት ወሩ ደሙን ብትወስዱ እናቱን ነው የለካችሁት። በስድስት ወሩ ግን የእናቱ መከላከያ በአብዛኛው አልቋል፤ በመወለጃው፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ጠብታዎችና በ14 ሳምንት የሚሰጠው መርፌም አልፈዋል። የምታዩት ያለፈው አንድ ዓመት መደበኛ ክትባት ያፈራውን ነው።

ገንዘብ ከበቃ የ3 ዓመት ልጆችን እንደ ሁለተኛ ቡድን ጨምሩ። እነሱ ዘመቻዎች የጨመሩትን ያሳያሉ። ሁለቱን ቡድኖች ግን በአንድ መቶኛ አትቀላቅሉ።

በአካባቢው የቤት ለቤት ዘመቻ ከነበረ ካለቀ ቢያንስ 28 ቀን ይለፈው። አዲስ የተከተበ ልጅ አንቲቦዲ ገና እየወጣ ስለሆነ ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ዘመቻውን ያለ ጥፋቱ ታሳንሱታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴን ተዉአቸው። ጭቃው መኪና ያቆማል፣ በወረቀት ላይ የሚደርቅ የደም ናሙና ካለም እርጥበቱ ያበላሸዋል።

ስንት ልጅ?

መነሻው ቀላል ነው። መከላከያ ያላቸው 80 በመቶ ይሆናሉ ብላችሁ ገምታችሁ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በ5 ነጥብ ብቻ እንዲወላገድ ከፈለጋችሁ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት 246 ልጅ ይበቃል። ይህ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ ከመላው አካባቢ በዕጣ ቢወጡ ነው። በተግባር የሚወጡት በሰፈር በሰፈር፣ በክላስተር ስለሆነ የአንድ ሰፈር ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ክትባት ሰጪዋ አንድ ናት፣ ጤና ጣቢያው አንድ ነው፣ የተዘለለው ጎዳናም አንድ ነው። የመመሳሰሉን ልክ 0.1 ብንል ከእያንዳንዱ ክላስተር 10 ልጅ ለመውሰድ 246ን በ1.9 (1 ሲደመር 9 ጊዜ 0.1) ማባዛት ይገባል፤ 468 ይሆናል። ደም ያልወጣለትንና ሴረሙ ያነሰበትን ለመተካት 15 በመቶ ሲታሰብ (468 ለ0.85 ተካፍሎ) 551፤ ለአሠራር እንዲመች 56 ክላስተር በ10 ልጅ፣ 560።

ድካም ለመቀነስ «ክላስተሩ ይቀንስ፣ ከእያንዳንዱ 20 ልጅ እንውሰድ» የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። ያኔ ማባዣው 2.9 ስለሚሆን፣ ያው 15 በመቶ ታስቦ፣ 840 ልጅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰፈር ጥቂት ጥቂት ልጅ ይሻላል።

ክላስተሮቹ የሚወጡት እንደ ሕዝባቸው ብዛት ነው። ሰፈሮቹን በዝርዝር አስቀምጡ፣ የሕዝቡን ቁጥር እየደመራችሁ ውረዱ፣ ጠቅላላውን ለ56 አካፍሉ፣ ከ1 እስከ ያገኛችሁት ድርሻ ድረስ አንድ ቁጥር በዕጣ አውጡና ከዚያ ድርሻውን እየጨመራችሁ ሂዱ። ቁጥሩ የወደቀበት ሰፈር ይመረጣል። ዝርዝሩን ለብቻው ከቆጠራው አትውሰዱ። ከ1999 ወዲህ የተሠሩትን የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን፣ ቱሉ ዲምቱንና ቆዬ ፈጬን የመሰሉ ሰፈሮች እንዲገቡ የወረዳውን የብሎክ ዝርዝርና የሳተላይት ምስል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አዲስ የበቀለ ጣሪያ ሁሉ በአንድ ክላስተር ውስጥ መውደቁን አረጋግጡ። በዝርዝሩ የሌለ ሰፈር ዕጣ ሊወጣለት አይችልም።

የአስተዳደር ወሰኑንም ቀድማችሁ እወቁ። አንዱ የመንገድ ዳር በአዲስ አበባ፣ ማዶው በኦሮሚያ የሸገር ከተማ ሥር ሊሆን ይችላል። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በተጨማሪ ከሁለቱም ጤና ቢሮዎች የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በአንዱ ደብዳቤ ብቻ የወጣ ቡድን ወሰኑ ላይ ሲደርስ ይመለሳል፤ የሚቀሩትም ድንበር ላይ ያሉት፣ ሁለቱም ወገን «የእነሱ ናቸው» የሚላቸው ልጆች ናቸው።

በሩን ማግኘት

ከ1000 ሰው በዓመት 25 ልጅ የሚወለድበት ሰፈር ቢሆን ከ6 እስከ 11 ወር ያሉት 12 ገደማ ናቸው። 10 ልጅ ለማግኘት 800 ሰው፣ በቤተሰብ አራት አራት ሰው ብንል 200 ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለት ዙር ይከፈላል። መጀመሪያ ሁለት ሰው ክላስተሩን እየዞረ ሁሉንም ቤት ይመዘግባል፤ ከዚያ በዕድሜው ውስጥ ካሉት ልጆች ዕጣ ይወጣል። ደም የሚወስደው ቡድን በሌላ ቀን፣ የተመረጡትን ስም ይዞ ይመጣል። ምዝገባውንና ደም መውሰዱን በአንድ ቀን አንድ ላይ የሚያስኬድ ቡድን ቤት ያገኛቸውን ልጆች ብቻ ወስዶ ይመለሳል።

ቤተሰብ ማለት ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። ይህን ትርጉም ሁሉም መዝጋቢ በቃሉ ይያዘው፤ ምክንያቱም ዳር ላይ ግቢ አንድ ሆኖ ድስቱ ስድስት ሊሆን ይችላል።

በር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ውጤቱን ይወስናል። ግቢውን አንኳኩታችሁ «እዚህ ቤት ሕፃን አለ?» ካላችሁ በር የምትከፍተው አከራይ ስለራሷ ቤት ትመልሳለች፦ «የለም»። እውነቷን ነው። ከጓሮ በኩል በተደረደሩት የኪራይ ክፍሎች ግን የሁለት ሕፃን ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ስለዚህ «በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት በር አለ? ስንት ምድጃ ይነዳል?» ብላችሁ ጀምሩ፤ እያንዳንዱን በር ቁጠሩ፣ ቁጥር ስጡት፣ ተከራዩን ራሱን አነጋግሩ። ተከራዩ ከሌለ «ተመላሽ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ የአከራይዋ መልስ አይተካውም።

በምዝገባው በቀላሉ የሚዘለሉ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ያላለቀ ሕንፃ ሥር በቆርቆሮ ቤት ከነቤተሰቡ የሚኖር የጥበቃ ሠራተኛ፤ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ሱቅ ተብሎ ቤት የሆነ ክፍል፤ በሌሊት የተሠራ የጨረቃ ቤት፤ ከመንገዱ ተነጥሎ እርሻው መሐል የቀረ የገበሬ ጎጆ፤ የቀን ሠራተኛ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡባት ጎረቤት። የጨረቃ ቤት ነዋሪ ሰነድ ይዞ የሚመጣን ሰው ሲያይ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይመስለዋል። የሠፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ነዋሪው የሚያምነውን ሰው አስቀድማችሁ ላኩ፤ የቤት ካርታና የመታወቂያ ጥያቄ በቅጹ ላይ ፈጽሞ አይኑር፤ ይህንንም አስረዱ። ከቡድኑ ቢያንስ አንዱ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ይሁን፤ የስምምነት ቅጹም በሁለቱም ቋንቋ ይታተም።

የተመረጠ ልጅ ቤቱ ካልተገኘ ሦስት ጊዜ ትመለሳላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ብቻ የሚዞር ቡድን ፋብሪካ የምትሠራውን እናት መቼም አያገኛትም። ለአራስነት ወደ እናቷ ቤት ክፍለ ሀገር የሄደች ካለች የመመለሻ ቀኗን ጠይቁ፤ በሥራው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ጠብቁ። ከሦስት ጊዜ በኋላም ካልተገኘ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል።

ባልተገኘው ልጅ ምትክ የጎረቤቱን ልጅ አትውሰዱ። በመስክ ላይ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ፣ የጎረቤቷ ልጅ እናቷ እቅፍ ላይ ተቀምጣ ስትታይ፣ መተካቱ ምንም የማይጎዳ ይመስላል። ቤት የምትገኝ እናት ግን ክትባት ሰጪዎችም ቤት ያገኟት ናት። በተካችሁ ቁጥር ያልተከተበውን በተከተበው ትለውጣላችሁ፤ ስሕተቱም በቁጥሩ ላይ ምንም ምልክት ስለማይተው ኋላ የሚያርመው የለም።

ካርድና ቀን

የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሱት፤ ገልብጣችሁ ብቻ አትመኑ። ካርድ የሌለ እንደሆነ እናቲቱን ጠብታና መርፌ ለይታችሁ ጠይቁ፦ በአፍ ስንት ጊዜ፣ ጭን ላይ ስንት ጊዜ፣ ቤት ለቤት ሲዞሩ ጣቱን ቀለም የቀቡት ስንት ጊዜ። «ሁሉንም ጨርሷል» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም።

ቀኑ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዱ ጤና ተቋም በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፤ በአንድ ካርድ ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ። «12/01/16» መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ወይስ ጃንዋሪ 12፣ 2016? በሕፃን ካርድ ላይ ሁለተኛው ስለማይሆን በቶሎ ይለያል፤ ወሩ ብቻ ሲምታታ ግን ልጁ ሳይገባው ከዕድሜው ክልል ይወጣል ወይም ይገባበታል። በቅጹ ላይ አቆጣጠሩን የሚያመለክት ሳጥን ይኑር፤ መቀየሩን ለመዝጋቢው አትተዉ፣ ኮምፒውተሩ ይቀይረው። ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን ዓመት ማወቁን በአንድ ቀን ፈትኑት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ 11 ካለ ተሳስቷል። ዕድሜውን በወር ሳይሆን በቀን አስሉ፦ ከ183 እስከ 364።

ደሙ

ለእናቲቱ የሚነገረው አጭርና እውነት ይሁን፦ «ከልጅዎ ተረከዝ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ አንድ አሥረኛ የምትሆን ደም እንወስዳለን። የምናየው የፖሊዮ መከላከያውን ብቻ ነው። ሌላ በሽታ አንመረምርም። እምቢ ቢሉ የሚጎድልብዎት አገልግሎት የለም።» የተረፈውን ሴረም ለሌላ ጥናት ለማስቀመጥ ከታሰበ ለብቻው ይጠየቃል፣ ለብቻው ይፈረማል። ክትባት የጎደለው ልጅ ካገኛችሁ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ክትባቱን እንዲያገኝ አድርጉ።

ገና ያልተራመደ፣ ከ10 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃን ከተረከዙ ጎን ይወጋል። ከመሐል ተረከዝ አይወጋም፤ አጥንቱ እዚያ ቅርብ ነው። መራመድ ከጀመረ ወይም ክብደቱ ካለፈ የመሐል ወይም የቀለበት ጣቱ ጫፍ ከጎኑ ይወጋል፤ ለጣት ጥልቀቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ላንሴት (መውጊያ) ያዙ፤ ለተረከዝ ከ2.4 አይለፍ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የሕፃን እግር ይቀዘቅዛል፤ ከቀዘቀዘ እግር ደም አይወርድም፤ ባለሙያው ይጨምቃል፣ ደሙም ይበላሻል። መፍትሔው ለብ ያለ ውኃ ነው። ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁ፣ በራሳችሁ የእጅ አንጓ ላይ ሞክሩት፣ ከ42 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ከዚያ እግሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠቅልሉት። እናቱ ቀና አድርጋ ትቀፈው፣ እግሩ ወደ ታች ይንጠልጠል። በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ሳይደርቅ ከተወጋ አልኮሉ የደም ሕዋሳቱን ያፈነዳል፣ ልጁንም ያቃጥለዋል። ውጉ። የመጀመሪያዋን ጠብታ በደረቅ ጎዝ ጥረጉ፤ ከቆዳው ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለች ናት። ቀጥሎ እግሩን ቀስ ብሎ መጫን፣ መልቀቅ፣ ጠብታው ራሱ እስኪሞላ መጠበቅ፤ እንደ ላም ጡት አይታለብም። የቱቦውን ጠርዝ ከጠብታው ሥር ብቻ አስነኩ፤ ቆዳውን አትጥረጉበት። 0.5 ሚሊ ሲሞላ ክደኑና 5 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። በአንድ ልጅ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አይወጋም። ደሙ እስኪቆም ይዛችሁ ቆዩ፤ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ነቅሎ ወደ አፉ ይከተዋል።

መለያ ቁጥሩ ከልጁ ሳትርቁ፣ ቱቦው ገና በእጃችሁ እያለ ይለጠፍ። አራት ተመሳሳይ ተለጣፊ ይታተም፦ ለቱቦው፣ ለቅጹ፣ ለሴረም ብልቃጡና አንድ መጠባበቂያ። «መኪና ውስጥ እለጥፋለሁ» ብሎ ሁለት ቱቦ በአንድ ኪስ የከተተ ሰው ሁለቱንም ልጆች ከጥናቱ አውጥቷቸዋል።

ቱቦው በጥላ ቀጥ ብሎ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቁም፣ ደሙ ይርጋ። ከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ የክትባት መያዣ ሳጥን ይገባል። የበረዶ ጥቅሉን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው አትክተቱ። ለክትባት እንደምታደርጉት ስታናውጡት ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫረቅ ይቆይ። ያልተለየ ደም ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ሕዋሳቱ ፈንድተው ሴረሙ ቀይ ይሆናል፤ በጣም ቀይ የሆነ ሴረም ደግሞ በላብራቶሪ የሚበቅሉትን ሕዋሳት ይመርዛል።

በዚያው ቀን በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ ሴንትሪፊዩጅ (ደሙን አሽከርክሮ ሴረሙን የሚለይ ማሽን) ከ1000 እስከ 2000 ጂ (የምድር ስበት እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ይዙር። የማሽኑ መደወያ በደቂቃ ዙር ስለሚል አስሉት፦ ከመሐል እስከ ቱቦው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3500 ዙር 1370 ጂ ገደማ ይሰጣል። 0.5 ሚሊ ደም 0.2 ሚሊ ያህል ሴረም ይወጣዋል። በሁለት ብልቃጥ ከፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡ። መብራት ስለሚጠፋ የፍሪዘሩ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዝገብ፤ ጄኔሬተር የሌለው ጤና ጣቢያ ለአዳር አይመረጥም።

ሴንትሪፊዩጅ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ የደም ወረቀት አማራጭ አለ። ጠብታው ክቡን በአንድ ጊዜ ከአንድ ወገን ይሙላው፤ በላዩ ላይ ሁለተኛ ጠብታ አይጨመርም። ከፀሐይ ተከልሎ ተጋድሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ይድረቅ፣ ከእርጥበት መጣጭ ጋር በሚዘጋ ፌስታል ይግባ። ውጤቱ 1 ለ8 አካባቢ ላይ ከሴረም ይልቅ ይደክማል፤ ስለዚህ ከሴረም ውጤት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አትደባልቁት።

ላብራቶሪው

የሚሠራው ምርመራ የማምከን ምርመራ ነው። ኤሊዛ በተባለው ሌላ የላብራቶሪ ዘዴ የሚለካ አንቲቦዲ ከቫይረሱ ጋር መጣበቁን ያሳያል፤ ሕዋስን ከሞት ማዳኑን ግን የሚያሳየው ይህኛው ብቻ ነው።

ሴረሙ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ከ1 ለ8 እስከ 1 ለ1024 በእጥፍ እየቀጠነ 8 ደረጃ ይሠራል፤ የ96 ጉድጓዱ ሳህን 8 ረድፍ ስላለው ልክ ይገጥማል። በየጉድጓዱ 25 ማይክሮ ሊትር ሴረምና ከጉድጓዶቹ ግማሹን ለመበከል የሚበቃው መጠን መቶ እጥፍ የሆነ ቫይረስ በእኩል መጠን ይገባል፣ በ36 ዲግሪ 3 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ሄፕ-2ሲ የተባሉ፣ በላብራቶሪ የሚበቅሉ ሕዋሳት ይጨመራሉ። በ5ኛው ቀን ሕዋሳቱ በሕይወት ያሉበት ጉድጓድ ይቆጠራል።

ስሌቱን በእጃችሁ ሞክሩት። በሁለት ሁለት ጉድጓድ ተሠርቶ ከ8 እስከ 64 ሁለቱም ድነው፣ በ128 አንዱ ድኖ፣ በ256 ሁለቱም ሞተው ከሆነ የዳኑት ድምር 4 ከግማሽ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ፣ 8፣ በሁለት ርቢ 3 ነው (2 × 2 × 2)፤ ግማሽ ይቀነሳል፣ 4.5 ይደመራል፤ 7 ይሆናል፤ ማለትም 1 ለ128። አንድም ያልዳነበት 2.5፣ ሁሉም የዳነበት 10.5 ይወጣዋል። 3 እና ከዚያ በላይ ያለው፣ ማለትም 1 ለ8 የደረሰ፣ አንቲቦዲ አለው ይባላል።

ከላብራቶሪው ውጤት ጋር ሦስት ማረጋገጫ ጠይቁ። ጥቅም ላይ የዋለው ቫይረስ በዚያው ቀን ተመልሶ ሲለካ፣ በታሰበው መቶ እጥፍ ፋንታ፣ ከ30 እስከ 300 እጥፍ መካከል መሆኑን፤ ልኩ የታወቀ መቆጣጠሪያ ሴረም በየዙሩ ከተለመደው ከአንድ ደረጃ በላይ አለመራቁን፤ እያንዳንዱ ሴረም ያለ ቫይረስ ብቻውን ከሕዋስ ጋር ተቀምጦ ሕዋሱን አለመግደሉን። ቫይረሱ ከበዛ መከላከያ ያላቸው ልጆች የሌላቸው ይመስላሉ፤ ካነሰ ተቃራኒው ይሆናል።

የዓይነት 2ን ምርመራ ላገኛችሁት ላብራቶሪ ሁሉ አትስጡ። የዱር ዝርያው ከዓለም የጠፋ ቫይረስ ስለሆነ ለመያዝ ፈቃድ ያለው ተቋም ወይም ለዚሁ የተዳከመ አስተማማኝ ዝርያ የሚጠቀም ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ከአገር የሚወጣ ናሙና ደግሞ የማስተላለፊያ ስምምነትና የመውጫ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ይህን ደም ከመውሰዳችሁ ወራት በፊት ጀምሩት።

ቁጥሩን ማንበብ

ለእያንዳንዱ ዓይነት መቶኛውን፣ የእርግጠኝነት ክልሉን (ክላስተሩን ከግምት ባስገባ ስሌት) እና የአንቲቦዲውን መካከለኛ ልክ ጻፉ። ልኩን እንደ ተራ ቁጥር ደምራችሁ አታካፍሉ፤ አንድ 1024 ሃያ ልጅ ይጎትታል።

አንቲቦዲ የሌለው ሁሉ ባዶ አይደለም። አንድ መርፌ ብቻ የወሰደ ልጅ በደሙ ሳይታይ ሰውነቱ ቫይረሱን ሊያውቀው ይችላል፤ ሁለተኛውን ሲያገኝ በ7 ቀን ውስጥ አንቲቦዲው ይወጣል። አንቲቦዲ ያለው ደግሞ ሁሉ ቫይረሱን አያግድም፤ የደም አንቲቦዲ ከሽባነት ይጠብቃል፣ የአንጀትን መከላከያ ግን አይነግራችሁም። በመርፌ ብቻ የተከተበ ልጅ ሽባ ሳይሆን ቫይረሱን በሰገራው ሊያስተላልፍ ይችላል። ዓይነት 2 አንቲቦዲ ከክትባት ይምጣ ከቫይረሱ ደምም አይለይም፤ ካርዱ መርፌ እንዳልወሰደ የሚያሳይ፣ ዘመቻም ያላገኘው ልጅ ዓይነት 2 ከተገኘበት ለክትትል ክፍሉ ወዲያው ይነገር።

አማካዩ ጉድጓድ ይሸፍናል። ለምሳሌ ከአምስቱ አራቱ ልጆች በጋራ መኖሪያ ሰፈር ሆነው 90 በመቶ፣ አምስተኛው በቆርቆሮና በጨረቃ ቤት ሆኖ 55 በመቶ ቢኖራቸው ጠቅላላው 83 ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ 83 ብቻ ከሰፈረ ቫይረሱ የሚገባበት በር አይታይም። ስለዚህ በቤት ዓይነት፣ በቤት ባለቤትነትና በተከራይነት፣ በኖሩበት ጊዜ ርዝመት ከፋፍላችሁ አውጡት፤ ከጎኑም ከተመረጡት ስንቱ እንዳልተገኙ በየክላስተሩ ይጻፍ። 10 ተመርጠው 4 ያልተገኙበት ክላስተር 100 በመቶ ቢያወጣም አትመኑት።

በምዝገባው የተሠራው የበር ዝርዝር ከደሙ ውጤት በፊት ዋጋ አለው። ስምና የምርመራ ውጤት ሳይጨመርበት፣ በክትባት ካርታ ላይ ያልነበሩትን ግቢዎች፣ የጥበቃ ቤቶችና የኪራይ በሮች ብዛታቸውንና መገኛቸውን ብቻ ለይታችሁ፣ ላብራቶሪው እስኪመልስ ሳትጠብቁ ለየጤና ጣቢያው ስጡ፤ ለሚቀጥለው ዙር ክትባት ሰጪዎቹ ይዘውት እንዲወጡ።